ሁሉም በቀለ የኛ በቀለ አይደለም

በገበያ ቀን ሰንዳፋ መሀል መንገድ ላይ ቆማችሁ «በቀለ!» ብላችሁ ተጣሩ። ስንቱ ዞር እንደሚል ታያላችሁ። ከዚያ ሁሉ በቀለ መሀል ከኔ ጋር በሥጋ የሚዛመድ አንድም ላይኖር ይችላል፤ ይሄን ለማወቅ ደግሞ መማር አያስፈልግም። የአባቶቼን ስም የያዘ ሁሉ ዘመዴ ነው የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ይሄው ነገር ስልክ ላይ ሲመጣ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ፣ እናምነዋለን።

አሜሪካ ያለችው የአጎቴ ልጅ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ በአንድ አፕ ላይ መሥራት ጀመረች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ልጆቿ እዚያው ተወልደው እዚያው እያደጉ ነው፤ ስለ አገር ቤት ሲጠይቋት ከአያት በላይ የምትነግራቸው አጣች። ችግሩ አፑ የተሠራው አንድ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ለሚወርድላቸው ሰዎች መሆኑ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የራሴ ስም ይቀድማል፣ የአባቴ ይከተላል፣ ወረቀት ሲሆን የአያቴ ይጨመራል፣ ልጅ ስወልድ ደግሞ የአያቴ ስም ከኋላ ይወድቃል። ሴት ብታገባም ስሟን አትለውጥም።

የሷ አባት ሲሄድ ፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛው ስም በቀለ ነበር፤ ስለዚህ እዚያ ቤተሰቡ በሙሉ «በቀለ» ሆኖ ቀረ። ከሱ በኋላ የሄደው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ፎርም ሲሞላ የራሱንና የአባቱን ስም ብቻ ጻፈና ልጆቹ «ታደሰ» ተባሉ። ካንድ እናት ካንድ አባት የተወለዱ ወንድማማቾች ለአፑ የተለያየ ቤተሰብ ናቸው። ሰምተነው የማናውቀው በቀለ ግን ዘመድ ነው።

እና አንድ ቀን አፑ «የሚመሳሰል ሰው ተገኝቷል» አላት። በቀለ የሚባል፣ የሸዋ ሰው፣ ዘመኑም የኛውን በቀለ የሚጠጋ። ተቀበለችው። አንዴ ስትነካው ያ ሌላው ቤተሰብ ከነአባቶቹ ከነቅድመ አያቶቹ እኛ ላይ ተለጠፈ፤ ከመንዝ በኩል የሚመጣ ረጅም ሐረግ፣ መሀሉ ላይ ደጃዝማች ያለበት። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ስትልከው እልልታው ቀለጠ። ጋሼ፣ ማለት የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በድምፅ መልእክት «እኔ ድሮም ደማችን ይነግረኝ ነበር» አሉ።

ደጃዝማቹን ለማውረድ ብዙም አልፈጀም። በኛ ቤት በቀለ አድዋ ዘምቷል ይባላል። ማስረጃ የለኝም፤ እዚህ አካባቢ ቅድመ አያቱ አድዋ ያልዘመተ ሰው ማግኘትም ከባድ ነው። ቢሆንም ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዶ ነው የሄደው የሚለውን እርስ በርስ የማይገናኙት ዘመዶች ሳይቀሩ አንድ ዓይነት አድርገው ያወሩታል። የአፑ በቀለ ደግሞ የተወለደው 1888 ነው ይላል። በኛ አቆጣጠር ከሆነ ጦርነቱ በተደረገበት ዓመት ተወለደ ማለት ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ አድዋ 1896 ላይ ስለሆነ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በሁለቱም ብትሄዱ ባለትዳር ዘማች አይወጣውም። በዚያ ላይ የዚያ ሰውዬ ልጆች በስም ተዘርዝረዋል፤ ታደሰ የሚባል የለም። የኛን ታደሰ ያስገባው አፑ ነው፣ ስሙ ስለገጠመለት ብቻ።

የአጎቴ ልጅ ሳትከራከር ፈታችው። ጋሼ ግን አኮረፉ። እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልታረቅንም።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሌላውን ሐረግ ስናራግፍ የራሳችንን ማጣራት ግድ ሆነ፣ ለዚያ ደግሞ እትዬ ጋ መሄድ ነበረብኝ። እትዬ ለገዳዲ ግድብ በኩል ነው የሚኖሩት፤ በሩቁ ዘመዳችን ናቸው፣ ምን ያህል በሩቁ እንደሆነ ግን ከሳቸው በስተቀር ማንም አያውቅም። ቡና እየቆሉ፣ ዓይናቸውን ከምጣዱ ሳያነሱ ነው የሚያወሩት።

«አባባ ታደሰን ማን ወለደው?» አልኳቸው፣ ለማስጀመር ያህል።

«ቶላ።»

«በቀለ አይደለም እንዴ?»

«በቀለማ ያሳደገው ነው፣ የቶላ አባት። አንተ ልጅ፣ ይሄን ሳታውቅ ነው እንዴ የምትጽፈው?»

በመታወቂያው፣ በፓስፖርቱ፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ሳይቀር «ታደሰ በቀለ» ነው የሚለው። የአባቶቻችን ሦስተኛ ስም በዚያ በኩል ነው የተቆጠረው። እትዬ ግን በጣታቸው ሲቆጥሩ ጋሼ ብለው ጀመሩ፣ ታደሰ፣ ቶላ፣ በቀለ፣ ከዚያ በላይ ሁለት ስም ጨመሩ። ስድስት። እንዴት እንዲህ እርግጠኛ እንደሆኑ ስጠይቃቸው ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ ጋሼ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ የእትዬን ታላቅ እህት ለማግባት ሽማግሌ ተልኮ ነበር። በኛ አገር ሰባት ቤት ካልተቆጠረ ጋብቻ የለም፤ አማራውም ኦሮሞውም ይቆጥራል። የሁለቱም ወገን አዋቂዎች ተቀምጠው ቆጠሩ። በጋሼ በኩል ስድስተኛው ላይ፣ የበቀለ አያት ላይ፣ ከልጅቷ ወገን ጋር ተገናኙ። አንድ ቤት ጎደለ። አምስት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው በሰላም ይሄዱ ነበር፤ ስድስት ሲሆን ግን «ምን አለበት፣ አንድ ቤት ናት» የሚል ይነሳል፣ «ከጎደለ ጎደለ ነው» የሚልም ይነሳል። እንደገና ተቆጠረ። ሌላ አዋቂ ተጠርቶ እንደገና ተቆጠረ። እትዬ ያኔ ሕፃን ልጅ ናቸው፣ ውሃ እያቀበሉ እየሰሙ ነው፤ እህታቸው ጓዳ ውስጥ ታለቅሳለች። ስሞቹ እዚያው አንጎላቸው ላይ ታተሙ።

ቶላ ባይኖር ኖሮ ቆጠራው አምስት ላይ ያልቅ ነበር። ክርክርም አይኖርም፣ እትዬም ባላስታወሱ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተፈጠረው ወረቀታችን ላይ የሌለው ሰውዬ ስለነበረ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። እትዬ ከታች ወደ ላይ ሲወጡ አይሰናከሉም። «ከበቀለ በላይ ማን ነበር?» ብዬ ከመሀል ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ከጋሼ ጀምረው እንደገና ይቆጥራሉ። እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የያዙት። ስለዚህ አዛውንት ስትጠይቁ አታቋርጡ፤ አንዴ ካቋረጣችሁ ለናንተ ደስ እንዲላችሁ ብለው ያገኙትን ስም ይሰኩበታል።

የአንድ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃም ብዬ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ኩርፊያው እንዳለ ነው፣ ቢሆንም የቆርቆሮ ሣጥናቸውን አወጡልኝ። መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላም የድሮ የግብር ደረሰኝ ያልጣለ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ምናልባት አንድ ቀን ብለው ነው። አራት ላይ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ የተበላ ደረሰኝ አገኘሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል። ስም በሚለው ቦታ ላይ በሐምራዊ ቀለም «ታደሰ ቶላ» ይላል። መሬቱ ቀድሞ በቶላ ስም ስለነበረ ግብር ተቀባዩ ያንን ተከትሎ ነው የጻፈው።

ጋሼ ደረሰኙን ብዙ ጊዜ አይተውታል። «የጸሐፊ ስህተት ነው» ብለው አስቀምጠውት ኖረዋል።

ታሪኩ ሲገጣጠም ከባድ አልነበረም። ቶላ የሞተው በህዳር በሽታ ነው፣ በ1911 ዓ.ም.። ያ በሽታ እኛ «ህዳር ሲታጠን» እያልን በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥልበት ነው፤ በዓለም ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ። አባባ ታደሰ ያኔ በእቅፍ ያለ ልጅ ነበሩ። አያታቸው በቀለ ወስደው አሳደጓቸው፣ እሳቸውም «አባዬ» እያሉ አደጉ። በኋላ ከተማ ወጥተው «የአባት ስም?» ሲባሉ የሚያውቁትን አባት ተናገሩ። ማን ሊወቅሳቸው ይችላል? አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም የሚጠራበት ቤት ስንት ነው? የራሳችሁን ሰፈር ቁጠሩ። እያንዳንዱ ግን ሐረጉ ላይ አንድ ትውልድ ይውጣል፣ አባትና ልጅን ወንድማማች ያደርጋል።

ቶላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር። ጋሼ በደብተር ይዘው የኖሩት ዝርዝር ላይ የበቀለ ልጆች ተብለው ከተጻፉት አንዱ ወልደ ሚካኤል ይባላል፤ ከጎኑ «ሳይወልድ የሞተ» ተብሏል። እትዬን ብጠይቃቸው ሳቃቸው አላቆም አለ። ራሱ ቶላ ነው፤ ወልደ ሚካኤል የክርስትና ስሙ ነው። የኛ አካባቢ ሰው ቤት ውስጥ በኦሮምኛ ይጠራል፣ ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሌላ ስም ይዞ ይመለሳል፣ ትምህርት ቤት ወይ ቢሮ ሲገባ አንዳንዴ ሦስተኛ ይጨመርለታል። ለነገሥታቱም እንዲሁ ነው፤ ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ የክርስትና ስም ነበር። የፈረስ ስም ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይሆናል። አባ ዳኘው ምኒልክ መሆናቸውን፣ አባ መላ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መሆናቸውን ሁሉም ስለሚያውቅ አንሳሳትም። ስሙ ያልገነነ የገጠር ባላባት ሲሆን ግን አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ይጻፋል፣ ሁለቱ «ሳይወልዱ ሞቱ» ይባላል።

የአጎቴ ልጅ አፕ ላይ ሌላም አየሁ። የአንድ አዛውንት ዘመዳችን የትውልድ ቦታ «ገላን» ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው ገላንን ረግጠው አያውቁም፤ ከየት ነዎት ሲባሉ የነገሯት ጎሳቸውን ነው። ገላን፣ ጉለሌ፣ የካ ዛሬ የከተማና የክፍለ ከተማ ስም ሆነው ለመድናቸው እንጂ የቱለማ ኦሮሞ የጎሳ ስሞች ናቸው። ይቺ ደግሞ በአንድ ስልክ ተስተካከለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ፣ የዘር ቆጠራ ሁሌም ለሆነ ጉዳይ ነው የሚቆጠረው። ስህተቱም ከጉዳዩ ነው የሚመጣው። ለጋብቻ የቆጠሩት ሽማግሌዎች ሰው እንዳይዘሉ ይጠነቀቁ ነበር፤ ዝምድና ሳይታወቅ ቢቀር ነውሩም ኃጢአቱም እነሱ ላይ ነው። ለርስት የሚቆጠረው ሌላ ነው። በሰሜኑ በኩል አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ወጥቶ አቅኚ አባት ጋ ከደረሰ ድርሻ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሐረጉ መሬት ወዳለበት ይሳባል፣ የማይጠቅመው ቅርንጫፍ ይረሳል። ለክብር የሚቆጠረው ደግሞ ደጃዝማች እስኪያገኝ አያርፍም። ለቪዛ የሚቆጠረው ፎርሙ ላይ ባለው ሣጥን ልክ ነው።

ዛሬ ደግሞ እኛ አካባቢ አዲስ ጉዳይ መጥቷል። ከተማው እየሰፋ ነው፤ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር ከገቡ ጀምሮ የእርሻ መሬት ወሬ ሁሉ የካሳ ወሬ ሆኗል። ካሳ ሲመጣ ወራሽ ይመጣል። ወራሽነት በፍርድ ቤት ለማረጋገጥ ሲኬድ ምስክር ይቆጠራል፣ የስም ልዩነት ካለ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑ ይረጋገጥልኝ» የሚል ማመልከቻ ይጻፋል። አንድ የማውቀው ቤተሰብ ውስጥ የሟች አባት ስም በሦስት ወረቀት ሦስት ዓይነት ሆኖ ወንድማማቾች ለዓመታት ተመላልሰዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት የሚሠራ የዘር ሐረግ ላይ እጄን አላስገባም። ሰው ገንዘብ እየጠበቀ የቆጠረውን አያት ማመን ይከብደኛል።

መንግሥትም ይሄን ነገር መስመር ለማስያዝ ሞክሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፣ አገራቸው ይታያል። አንቀጹ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ሰዉ እንደ ድሮው በአባቱ ስም ቀጠለ። የልደትና የሞት ምዝገባም በአገር ደረጃ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው ያለው ማስረጃ የእድር መዝገብ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድና የእትዬ ጣት ነው። ዲኤንኤ የሚል ዘመድ አለን፤ ያስመርምር፣ አልጠላም። ሁለት ሰው መዛመዱን ይነግራችኋል እንጂ ቶላ የሚባል ሰው ህዳር ላይ መሞቱን አይነግራችሁም።

ከእድር መዝገቡ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ። የአባል ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ወርኃዊ ክፍያ፣ መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለ። ወሬው ያለው እዚያ ነው። «የእንጀራ ልጅ ነው፣ ይካተት» ይላል አንዱ። «የሚስት እናት፣ እዚሁ ቤት የሚኖሩ» ይላል ሌላው። ማንን ስትቀብር እድሩ እንደሚመጣልህ መወሰን ስላለበት ጸሐፊው ማን ማን እንደሆነ ሳይደባብቅ ነው የጻፈው። ማደጎውም፣ የጡት ልጁም፣ ከሌላ የተወለደውም በግልጽ አለ። የቤተሰብ ዝርዝሮች ላይ ግን እነዚህ ሁሉ ወይ ልጅ ናቸው ወይ የሉም።

የሉም ከሚባሉት የባሰውን መናገር ካለብኝ፣ የባሪያ ልጅ የሆነ ቅድመ አያት ያለው ቤተሰብ እስካሁን አላየሁም። የሸክላ ሠሪ ልጅም፣ የቀጥቃጭም። ባርነት በአዋጅ ከቀረ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ቢሰላ የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ያህል ነው። እነዚያ ሰዎች ወልደዋል፣ ልጆቻቸውም ወልደዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ከመሀላችን ናቸው። ሁላችንም ከደጃዝማች ከተወለድን ሲያርስ፣ ሲሸምን፣ ውሃ ሲቀዳ የኖረው ማን ነበር? ይሄን በግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ለሰዓታት ማንም አልመለሰም፣ ከዚያ አንዱ የእንቁጣጣሽ አበባ ስቲከር ላከ። ወሩ ጥር ነበር።

አሁን የምንሠራው ሐረግ አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማን እንደነገረንና ለምን ያውቅ እንደነበረ ተጽፏል፤ «እትዬ፣ ከጋብቻ ቆጠራ»፣ «ደረሰኝ፣ ጋሼ ሣጥን»፣ «ጋሼ ደብተር፣ ያልተረጋገጠ»። ከበቀለ አያት በላይ ምንም የለም፤ የአጎቴ ልጅ ባዶውን ስታይ ትበሳጫለች፣ እኔ ግን በሚገጥም ስም እንዲሞላ አልፈቅድም ብያለሁ።

ሰሞኑን የተጣላነው ደግሞ በቶላ ሚስት ነው፣ በአባባ ታደሰ እናት። የሴትየዋን ስም እትዬ ሰጥተውናል፤ የአባቷን ስም ግን እሳቸውም አያውቁትም። አፑ ያለ ሁለተኛ ስም አልመዘግብም አለ። «የባሏን የቤተሰብ ስም ልጠቀም?» ብሎ ራሱ ጠየቀ። የአጎቴ ልጅ እሺ ልትለው ስትል በድምፅ ጮህኩባት፣ እንዲህ ተደርጎ ሴትየዋ የበቀለ ልጅ፣ የባሏ እህት ልትሆን ነው። ለጊዜው ነጥብ አስገባችበት። ወገኗ በሱሉልታ በኩል እንደሆነ እትዬ ጠርጥረዋል፤ ከፍልሰታ በኋላ አብረን ሄደን እንጠይቃለን ብለውኛል።

ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኩርፊያቸው በኋላ ራሳቸው ደወሉልኝ። «እሷ በኩል ደጃዝማች ከወጣ ንገረኝ፣» አሉኝ፣ «ካልወጣ ግን ዝም በል።»